ለግጥም ሐሳብ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቅ። የቅኔ ቤት ተማሪ «ዛሬ አልመጣልኝም» ብሎ አያመልጥም። ባለ 2 ቤት (ባለ 2 ስንኝ) በሆነው የቅኔ ዓይነት በጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየ ይዞ፣ እያለ እያለ እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ይወጣል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገምም ነውር ነው። በአማርኛ ለሚጽፍም በቀን 2 ስንኝ ይበቃል። አብዛኛው ቢጣል አያስከፋም።

ትልቁን ቃል ማስቀደም። ፍቅር፣ ሰላም፣ ተስፋ ብሎ የተነሣ ግጥም ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የሚያሳየው ነገር የለውማ! መዝሙረ ዳዊት አምላክን መናፈቅን ሲናገር ዋላዋንና የውኃውን ምንጭ ነው ያመጣው። ደብተርዎ ላይ «ዛሬ አዘንኩ» ከሚል «ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ» የሚል ይስፈር። ሦስተኛው ቡና በረካ ነው፤ እንግዳው ሳይመረቅ መሄዱን ያለ ማብራሪያ ይናገራል።

የሙያውን ቃል ሳይለቅሙ መጻፍ። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ሰምና ወርቅን (ላይ የሚታየውንና ውስጥ የተደበቀውን ትርጉም) የሚሸከሙት ቃላት ያሉት ባለሙያው አፍ ላይ ነው። እንጀራን እንውሰድ። እርሾ፣ አብሲት፣ አክንባሎ፣ ማሰሻ የሚሉትን ከጋጋሪዋ ይስሙ። እንጀራው ሲያምር «ዓይን አወጣ» ትላለች፤ ያላፈረ ድፍረትም «ዓይን ያወጣ» ነው። እንጀራ ደግሞ መተዳደሪያም ነው። ሲገናኙ፦

ተበድራ አቡክታ፣ ጎረቤቴ ጋግራ፣
ዓይን አወጣ አሉ፣ የድሃ እንጀራ።

ሰሙ ምጣድ ላይ ነው፤ ወርቁ የሰፈር ሐሜት። ነገር ግን ሰሙም እውነት መሆን አለበት። ሊጡ በቅጡ ካልቦካ፣ ምጣዱም ካልጋለ እንጀራ ዓይን አያወጣም፤ ይህን ዘንግተው ቢጽፉ ጋጋሪ ሁሉ ትስቅብዎታለች።

በዓይን ብቻ ማንበብ። ከላይ ያለው ግጥም ወል ቤት በሚባለው ልክ የተጻፈ ነው፤ በየሐረጉ 6 ምት (ሲነበብ የሚሰማ የድምፅ ክፍል)። ምት በፊደል አይቆጠርም፦ «አቡክታ» ፊደሉ 4፣ ምቱ 3 ነው (አ-ቡክ-ታ)። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል። ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም፤ ስለዚህ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ቢቻል በስልክ ቀድተው ይስሙት። (ቤት መምታቱማ ቀላል ነው፤ ግሳችን መጨረሻ ስለሚመጣ መጣ፣ ወጣ፣ አጣ እያለ ራሱ ይገጥማል። ለዚያ ነው አንዳንዱን ስንኝ በስም መጨረስ የሚሻለው።)

እምነትን በተዘጋጀ ቃል መጻፍ። «ቸሩ አምላኬ ሆይ» ብሎ መጀመር ጸሎት ነው፣ ያምራልም፤ ለግጥም ግን አዲስ ነገር አላመጣም። ሥርዓቱ ውስጥ እጅ፣ እግርና ዕቃ ይፈልጉ። የመግሪብ አዛን እስኪሰማ በሁለት ጣት የተያዘች ተምር፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ሲወልቅ የታየ የተቀደደ ካልሲ። ያዩትንም በዚያው ሰዓት ይጻፉት፤ ማታ ሲደርስ ካልሲው ተረስቶ «ትሕትና» የሚለው ቃል ብቻ ይቀራል።

መጨረሻ ላይ መስበክ። የመጨረሻዎቹን 2 ስንኞች በጣት ሸፍነው ግጥሙን ያንብቡት። ካልጎደለ ይሰርዟቸው።