ለፎር ዊል ፒክአፕ የትኛው ሃብ ይሻላል? በእጅ የሚቆለፈው ወይስ አውቶማቲኩ?

ክረምት ላይ ኮትቻ አፈር ውስጥ የተያዘ ፒክአፕ አጋጥሞኝ ያውቃል። ሹፌሩ 4 ኤች (አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ) አስገብቷል። ነዳጅ ሲሰጥ ግን የሚሽከረከሩት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ የፊቶቹ ንቅንቅ አይሉም። ረዳቱ መኪናው ተበላሸ ብሎ ደነገጠ። መኪናው ደህና ነበር። የፊት ጎማዎቹ ሃብ ስላልተቆለፈ ነው። ሃቡ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ተንበርክከን በእጃችን ቆፍረን ነው ያገኘነው።

ሃብ የፊት ጎማን ከፊት አክስል (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ) ጋር የሚያገናኝ ወይም የሚለያይ ቁልፍ ነው። ሲለያይ ጎማው ለብቻው ይዞራል። አክስሉ፣ የፊት ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) እና ወደ ፊት የሚሄደው ሻፍት ያርፋሉ። ስለዚህ አስፋልት ላይ ድምፅ ይቀንሳል፣ ዕቃው ቶሎ አይበላም፣ ትንሽ ነዳጅም ይተርፋል። ዋርን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1948 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው በዚሁ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ጂፖች ለተራ መንገድ እንዲመቹ ሃብ ይሠራላቸው ነበር።

1. መጀመሪያ መኪናዎ ላይ ያለውን ይወቁ

የፊት ጎማውን መሀል ይመልከቱ። የሚዞር ነገር ካለውና “ፍሪ” (ክፍት) እና “ሎክ” (ቁልፍ) ተብሎ ከተጻፈበት በእጅ የሚቆለፍ ነው። “አውቶ” እና “ሎክ” የሚል ከሆነ አውቶማቲክ ነው፤ ሲፈልጉ ግን በእጅም ይቆለፋል። ምንም ከሌለው ወይ ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ ነው፣ ወይ ጭራሽ ሃብ የለውም። ለምሳሌ ብዙዎቹ አዳዲስ ሃይሉክሶች ፊቱን የሚለያዩት ጎማው ላይ ሳይሆን ዲፈረንሻሉ ላይ ነው። ሁልጊዜ በ4 ጎማ የሚሄዱ መኪኖችም ሃብ አያስፈልጋቸውም። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ ገንዘብዎን ለጥሩ ጎማ ያውሉት።

2. የሚሄዱበትን መንገድ ያስቡ

ቀኑን ሙሉ ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች፣ ከኮረኮንች ወደ አስፋልት የሚገቡ ከሆነ አውቶማቲክ ይመቻል። የፎር ዊል ማርሹን ሲያስገቡ አክስሉ ይዞራል፤ ሃቡም ራሱ ይቆለፋል። በሌሊት፣ በዝናብ ከመኪና ወርዶ ሃብ መቆለፍ የለም። መኪናውን ብዙ ሰው የሚነዳው ከሆነም ጥሩ ነው፤ የሚረሳ አይጠፋምና።

ጭቃና ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አብዛኛው መካኒካል አውቶማቲክ ሃብ የሚይዘው አክስሉ ጎማውን ሲገፋው ነው። አቅጣጫ ሲቀየር ለቅጽበት ይለቅና እንደገና ይይዛል። አሁን የተያዘ መኪና ያስቡ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ እያወዛወዝን ነው የምናወጣው። በእያንዳንዱ ዙር ሃቡ ይለቃል፣ ከዚያ በምት ይነክሳል። ጥርሱን የሚጨርሰው ይህ ነው። ቁልቁለትም ላይ እንዲሁ ነው። በከባድ ማርሽ እግርዎን ከነዳጅ ላይ አንስተው ሲወርዱ ጎማው ነው ሞተሩን የሚገፋው። ያኔ የሚለቁ ሃቦች አሉ። ከለቀቁ መኪናውን የሚይዙት የኋላ ጎማዎች ብቻ ይሆናሉ። በዝናብ የስሜንን ወይም የመንዝን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በቫኪዩም (በአየር መሳብ) የሚሠሩም አሉ፤ ሱዙኪ ጂምኒና ፎርድ ሱፐር ዱቲ ላይ ይገኛሉ። እነሱ የሚያስቸግሩት ቀጭኗ የአየር ቱቦ ስትሰነጠቅ ነው። አየር ካስገባች ሃቡ አይቆለፍም።

በእጅ የሚቆለፈው ቀላል ነው። ያዞሩታል፣ ጥርስ ከጥርስ ይገባል፣ አለቀ። ድክመቱ የሰው መርሳት ብቻ ነው። ገጠር ለሚሠራ፣ ጭነት ለሚጭንና ከጋራዥ ርቆ ለሚሄድ ሰው እኔ ይህን ነው የምመክረው። መውረዱ ካስጠላዎት “አውቶ” እና “ሎክ” ያለውን ይፈልጉ። አንዳንድ ኒሳን ፓትሮልና ላንድ ክሩዘር 70 ላይ አለ። ጭቃው ጋ ሳይደርሱ “ሎክ” ላይ ያድርጉት።

3. ሲገዙ

የአክስሉን ጥርስ ቁጥር፣ የቡሎኖቹን ብዛትና የመኪናውን ዓመተ ምርት ይዘው ይሂዱ። “ለቶዮታ ነው” ብቻ ማለት አይበቃም። የሚገዙት ጥንድ ይሁን። ያገለገለ ከሆነ አስከፍተው ጥርሱን ይዩ፤ ጫፉ ከተድበለበለ ይተውት። ከአውቶማቲክ ወደ በእጅ ሲቀይሩ የጎማ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚዞርበትን) የሚይዘው ዳዶም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ኩሽኔታው በልኩ መጥበቅ ስላለበት ለሚያውቅ መካኒክ ይስጡት።

4. ከተገጠመ በኋላ ይሞክሩት

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ፣ 2 ኤች (የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚያሠራው ማርሽ) ላይ ያድርጉ። አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ ያንሱ። “ፍሪ” ላይ ጎማውን በእጅ ሲያዞሩት ከበስተኋላው ያለው አክስል መዞር የለበትም። “ሎክ” ላይ አብሮ መዞር አለበት። በሌላው ጎማም ይድገሙት። መካኒካል አውቶማቲክ ከሆነ ልቅ አፈር ላይ በ4 ኤች ትንሽ ይንዱ። ከዚያ ቆመው 2 ኤች ያስገቡና ቀጥ ብለው 1 ወይም 2 ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ። ያኔ ነው የሚለቀው። ከዚያ በክሪኩ ያረጋግጡ።

5. ሲጠቀሙበት

ጭቃው ከመያዙ በፊት ይቆልፉ። ብዙ ሰው ሃብ ተቆልፎ አስፋልት ላይ መሄድ ያበላሻል ብሎ ይፈራል። ማርሹ 2 ኤች ላይ እስካለ ድረስ ችግር የለውም፤ ክረምቱን ሙሉ ቆልፈው መክረም ይችላሉ። የሚጎዳው ደረቅ አስፋልት ላይ በ4 ኤች መንዳት ነው። መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ርቀት ስለማይሄዱ መሀል ያለው ዕቃ ይጨነቃል።

ሁለቱንም ሃብ እኩል ያድርጉ፤ አንዱ ተቆልፎ አንዱ ክፍት ከሆነ የፊቱ ጉልበት በክፍቱ በኩል ያልፋል። በፒንሳ አያስገድዱት። እምቢ ካለ መኪናውን ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱና በእጅዎ ይሞክሩ። በበጋም ቢሆን በወር አንዴ ቆልፈው፣ ልቅ መንገድ ላይ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በፎር ዊል ይንዱ፤ የፊቱ ክፍል ዘይት እንዲያገኝ።

ጥልቅ ውኃ ከተሻገሩ ሃቡን ያስከፍቱ። ግራሶው ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ተጠርጎ በአዲስ ይቀየር፤ ግን በስሱ ይቀባ። ሃቡን በግራሶ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚሞላ መካኒክ ካዩ ያስቁሙት። ግራሶ ከበዛበት በተለይ አውቶማቲኩ በብርድ ጠዋት መንቀሳቀስ ያቅተዋል።