ሳይንቀሳቀሱ ጉልበት ማዳበር፦ የአሌክሳንደር ዛስ የሰንሰለት ልምምድ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ በአውሮፓ የሰርከስና የቴአትር መድረኮች ላይ ብረት እያጣመሙና ሰንሰለት እየበጠሱ ሕዝብ ያስደነቁ ጉልበተኞች ብዙ ናቸው። ጀማሪ ሰው ግን ከሁሉም በፊት ቢማር የምመርጠው ከአሌክሳንደር ዛስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በሩሲያ ግዛት የተወለደው ዛስ ቁመቱም ሆነ ክብደቱ መካከለኛ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ በኦስትሪያ ከተማረከ በኋላ የታሰረበትን ሰንሰለትና የእስር ቤቱን ብረት እየሳበ ጉልበቱን ጠብቋል። ኋላ እንግሊዝ አገር ገብቶ «ሳምሶን» በሚል የመድረክ ስም ሲታወቅ፣ ፈረስ በትከሻው ተሸክሞ ይሄድ ነበር። የጡንቻ ትልቅነት ብቻውን ጉልበት አይሆንም፣ ጡንቻውን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት መጠንከር አለበት ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር።

ዘዴው የማይነቃነቅን ነገር መሳብ ወይም መግፋት ነው። ጡንቻው ሳያጥርና ሳይረዝም በሙሉ ኃይሉ ይወጠራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄቲንገርና ሙለር የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚቆይ እንዲህ ያለ ውጥረት ጉልበት እንደሚጨምር ጽፈው ነበር። ይሁን እንጂ ጉልበቱ በይበልጥ የሚጨምረው ልምምዱ በተሠራበት የመገጣጠሚያ ማዕዘንና በአቅራቢያው ስለሆነ፣ አንዱን አቋቋም ብቻ መደጋገም በቂ አይደለም።

ሰንሰለት ከሌለዎት ጠንካራና የማይለጠጥ ገመድ ወይም ሰፊ ቀበቶ ይበቃል። በመጀመሪያ ገመዱን በደረትዎ ፊት ይያዙና ክርንዎን አጥፈው ሁለቱን እጆች ወደ ጎንና ጎን ይሳቡ፤ ቀጥለው ከራስዎ በላይ፣ ከዚያም ከጀርባዎ በኩል አዙረው ወደ ፊት ይግፉ። በመጨረሻም ገመዱን በእግርዎ ረግጠው ጫፎቹን ወደ ላይ ይሳቡ፤ ይህንኑ አንድ ጊዜ እጅዎ ጭንዎ አካባቢ፣ ሌላ ጊዜ ወገብዎ ጋ ሆኖ እንዲሠሩት ርዝመቱን ያስተካክሉ። በእያንዳንዱ አቋቋም ውጥረቱን በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አድርገው ለ6 ሰከንድ ያህል ያቆዩት፣ ከዚያም እንደ አጀማመሩ ቀስ ብለው ይልቀቁት። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መደጋገም ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለዎት ኃይል ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይጠቀሙ።

ቀስ በቀስ መወጠር የሚለውን ቃል ችላ እንዳይሉ አደራ እላለሁ። እኔ ስጀምር ገመዱን በድንገት እጎትተው ነበር፤ የጣቶቼ አንጓ ነጭ እስኪሆን ጨብጬ አንድ ጊዜ በኃይል ስስበው ክርኔ ላይ የተሰማኝ ሕመም ብርጭቆ እንኳ ሳነሣ ለሳምንታት ይጠዘጥዘኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የላላው ገመድ መጀመሪያ እንዲወጠር፣ ቀጥሎ እንዲጠብቅ፣ በመጨረሻም እንደ ብረት እንዲደርቅ እጠብቃለሁ።

ትንፋሽ ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ነው። ትንፋሽን አፍኖ መወጠር የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ስለሚያስወጣ፣ በሚስቡበት ጊዜ ሁሉ በአፍዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ይህን ልምምድ አይጀምር።

ክንድ ከበረታ በኋላ ወደ መዳፍ የመጨበጥ ኃይል መሻገር ይቻላል። እንግሊዛዊው ጉልበተኛ ቶማስ ኢንች ሌሎች እንዲያነሡት ለውድድር ያቀርበው የነበረው ታዋቂ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚነሣ አጭር የብረት ክብደት) 78 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ብዙዎችን ያሸነፋቸው ግን ከክብደቱ ይልቅ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው የእጀታው ውፍረት ነው። ጣቶች ዙሪያውን ስለማይገጥሙ፣ ዳምቤሉ ከመዳፍ ውስጥ ተሽከርክሮ ይወጣል። ለዚህ የሚሆን ልምምድ ቀላል ነው፦ በአንድ ዳምቤል እጀታ ላይ ጣትዎና አውራ ጣትዎ እስከማይነካኩ ድረስ ፎጣ ይጠቅልሉ፣ ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገው ለ10 ሰከንድ ይያዙት፣ ከዚያ በዝግታ ያስቀምጡት። መዳፍዎ ሳይከፈት 10 ሰከንዱን ከሞላ ክብደቱን በትንሹ ይጨምሩ፣ እጀታው መሽከርከር ከጀመረ ግን ወደ ቀደመው ክብደት ይመለሱ።