የአያት መቃብር ፍለጋ ወደ ወሎ፤ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የአያት ቅድመ አያቱን መቃብር ፍለጋ ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው አለ። ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ ብዙው ሰው ስም የተጻፈበት ድንጋይ እንደሚጠብቀው አስቦ መሄዱ ነው። አሮጌው የወሎ መቃብር ግን አብዛኛው ጽሑፍ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ጽድ ሥር ያለ የድንጋይ ክምር ነው። የሙስሊም ቀብር ከሆነ ደግሞ እሬት የበቀለበት ክምር ታገኛላችሁ። የማን እንደሆነ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ይህን ካለማሰብ ነው።

ቤት ያለውን ሰው ሳይጠይቁ መኪና መያዝ

መጀመሪያ ጠይቁ። አጠያየቃችሁም ይለያል። «አያቴ የት ተቀበረ?» ካላችሁ መልሱ «እዚያው አገሩ ነዋ!» ነው፤ አለቀ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «እማማ፣ ተዝካሩ የት ወጣ? የንስሐ አባቱ ማን ነበሩ? ለቅሶ ስትሄዱ የትኛውን ወንዝ ተሻገራችሁ?» የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ «ጀናዛውን ማን አጠበ? ማን አሰገደ? ሰደቃው የማን ቤት ወጣ?» በሉ። ሰው ቦታ ቢረሳም ድግስና መንገድ አይረሳም። ስልካችሁን ቅጂ ላይ አድርጉና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ሙሾ የሚያወርዱ እናቶች ካሉ ደግሞ አትለፏቸው። የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ከነአገሩ የሚያነሡት እነሱ ናቸው።

ሌላው ወርቅ የሆነ ምንጭ ርስት የተሟገተ ቤተሰብ ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በብዙ ቦታ መሬት የሚጠየቀው ዘር ተቆጥሮ ስለነበር፣ ተሟጋች የነበረ አባት ልጆቹን የትውልድ ሐረጉን እንደ ውዳሴ ማርያም ያስጠናቸው ነበር። ሆኖም በጭፍን አትመኑት። ለመሬት ሲባል ሐረግ ተጎትቶ የተቀጠለበት ጊዜም አለ። ታላቅ ባላባት ስሙ ከተጠራ በኋላ ቆጠራው ድንገት ቀጥ ካለ ጠርጠር አድርጉ።

የቤቱን መጻሕፍትም ገልጡ። የዳዊት ዳርና የኪታብ ባዶ ገጽ ልደትና ሞት የሚጻፍበት ቦታ ነበር። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ስለነበር፣ ዓረብኛ የመሰላችሁ ጽሑፍ ሲነበብ አማርኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

አንድ ስም ብቻ ይዞ መሄድ

ቤት ውስጥ «አያ በላይ» ሲባል የኖረ ሰው በቤተ ክርስቲያን «ወልደ ገብርኤል» ነው። ፍትሐቱ የተደረሰው በክርስትና ስሙ ነው። ድንጋይ ከተቀረጸም ያ ስም ሊሆን ይችላል። ቄሱን «በላይ የሚባል ሰው» ብትሏቸው አያውቁትም። ጎረቤቱን «ወልደ ገብርኤል» ብትሉት እሱም አያውቀውም። ስለዚህ የዳቦ ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የፈረስ ስም ካለው እሱንም፣ የቤት መጠሪያውንም ጻፉ። በሙስሊሙም ቤት ያው ነው። ሙሐመድ «ሙሔ»፣ ፋጡማ «ፋጤ» እየተባሉ አርጅተው የሞቱ ስንት አሉ።

ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ደግሞ የቤተሰብ ስም ፍለጋ ይደክማሉ። የእኛ ስም በየትውልዱ ይቀየራል። የአያታችሁ ወንድም መቃብር ላይ የእናንተ መጠሪያ ሊገኝ የሚችልበት ምክንያት የለም። ሴቶቹ ደግሞ ይብሳሉ፤ አገሩ የሚያስታውሳቸው «የእገሌ ሚስት» ወይም «የእገሌ እናት» እያለ ነው። ስለዚህ የባልና የበኩር ልጅ ስም ሳትይዙ የሴት አያት ፍለጋ አትውጡ።

የቤተሰቡ ሃይማኖት ሁሌም አንድ ነበር ብሎ መደምደም

ወሎ ላይ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «እኛ ድሮም ክርስቲያን ነን» ወይም «እኛ ከጥንት ሙስሊም ነን» የሚል ሰው የሚፈልገው በአንዱ መቃብር ብቻ ነው። ወሎ ግን ተጋብቶ ተዋልዶ የኖረ አገር ነው። አባት ይመር፣ ልጅ ኃይለ ማርያም፣ የልጅ ልጅ ሰይድ የሆነበት ቤት ብርቅ አይደለም።

ታሪኩንም አስታውሱ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎ መሪ የነበሩት መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሆኑ፤ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ተራው ሕዝብ ግን ሁሉም በአንድ መንገድ አልሄደም። የተጠመቀ አለ፤ እምቢ ብሎ የተሰደደ አለ፤ ላይ ላዩን ተጠምቆ በቤቱ የሰገደም አለ፤ ሲረጋጋ የተመለሰ አለ። በዚያ ዘመን የኖረ ቅድመ አያት ካላችሁ ሁለት ስም ሊኖረው፣ ወንድሙም በሌላው መቃብር ሊያርፍ ይችላል። ቤተ ክርስቲያኑንም መስጊዱንም ጠይቁ። ጥያቄው የሚያስቀይመው ሰው ካለ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ዘመድ ነው። የገጠሩ ሽማግሌ «አብሽሩ፣ የእናንተማ ሰው በሁለቱም በኩል ነው» ብሎ ይስቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «የመቃብሩን አቅጣጫ አይቼ የማን እንደሆነ አውቃለሁ» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። ወሎ ላይ ግን መካ በሰሜን በኩል ናት ማለት ይቻላል። ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ ስለሚሆን አካሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ክርስቲያኑም ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ሆኖ ነው የሚቀበረው። ሁለቱም በአንድ መስመር ተኝተዋል። ልዩነቱ ራሱ በየት በኩል ነው የሚለው ብቻ ነው፤ የሙስሊሙ በምሥራቅ፣ የክርስቲያኑ በምዕራብ። ይህን ደግሞ ከላይ ያለው የድንጋይ ክምር አይነግራችሁም፤ የራስጌ ድንጋይ ተለይቶ ካልቆመ በቀር።

ዓመተ ምሕረቱን እንደ ወረደ መቀበል

ጽሑፍ ያለው ድንጋይ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ግን ቶሎ አትጻፉት። የግዕዝ ቁጥር ዝናብና የድንጋይ ሽበት ሲበላው ፮ እና ፯ ይመሳሰላሉ። እንዲህ ሲሆን ወንጌላዊው ይረዳችኋል። ብዙ ጊዜ «በዘመነ ማቴዎስ» ወይም «በዘመነ ዮሐንስ» ተብሎ ይጻፋል። ዓመቱን ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ፲፱፻፲፮ ይሁን ፲፱፻፲፯ ካልለየላችሁና «ዘመነ ዮሐንስ» ካለ፣ ዓመቱ 1916 ነው፤ 1917 ማቴዎስ ነውና።

የሒጅራ ዓመት ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ቋሚ ቁጥር ቀንሳችሁ አትገላገሉም፤ የጨረቃ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያጥራል። 1300 ሒጅራ የገባው በ1875 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። 1340 ደግሞ በ1913 ዓ.ም. መጨረሻ። 40 ዓመት የመሰለው 39 እንኳ አልሞላም።

የሞት ምስክር ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ አትመላለሱ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው።

ሁሉም ሰው አገሩ ላይ ተቀብሯል ብሎ ማሰብ

የወሎ ሰው በየጦር ሜዳው ቀርቷል። ዓድዋ የዘመተው፣ በጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር የተሰለፈው፣ በ1928 ማይጨው የወደቀው አብዛኛው እዚያው ነው የተቀበረው። አገር ቤት የነበረው ለቅሶው ብቻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው «እዚህ ተለቅሶለታል» ሲል «እዚህ ተቀብሯል» ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ለይታችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የ1977ቱ ረሃብ አለ። ኮረምና ባቲ መጠለያ የሞተው ሰው የተቀበረው በጅምላ ነው፤ የግል መቃብሩን መፈለግ ድካም ነው። በዚያው ዘመን በሰፈራ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ የሄደው ቤተሰብ ግን ይፈለጋል። አንዳንዴ የአገር ቤቱን ታሪክ ሳይሸራርፍ የያዘው መተከል ውስጥ ፓዌ የቀረው ዘመድ ነው። እኔ ብሆን ደሴ ከመሄዴ በፊት እዚያ እደውል ነበር።

በዛሬው ካርታ ብቻ መፈለግ

የድሮው ወሎ ጠቅላይ ግዛት ከዛሬዎቹ ሰሜንና ደቡብ ወሎ ዞኖች ይሰፋል፤ ኮረምና አላማጣ፣ ዋግ፣ አውሳም በሥሩ ነበሩ። አያታችሁ «ወሎ ነው አገሬ» ሲሉ ሰቆጣ ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ከወረዳ ይልቅ የደብሩን፣ የገበያውንና የወንዙን ስም ያዙ።

ቀጥታ ካሜራ ይዞ መግባት

መጀመሪያ ቅሬውን፣ ማለትም የወሎን እድር፣ የሚመሩትን ሽማግሌዎች አግኙ። ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቀው ቅሬ ነው፤ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነዋ። ለካህኑ መስቀል ተሳልማችሁ፣ ለሸሁ ሰላምታ አቅርባችሁ፣ ቡና ከቀረበም ሦስተኛውን ጠጥታችሁ ነው ወሬው የሚጀመረው። ቡናውን ጥሎ መነሣት ነገሩን ያበላሻል። ገዳም ከሆነ ሥርዓቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። የመንገዱን ሰላምም ከመነሣታችሁ በፊት ከአገሬው አጣሩ።

ድንጋዩን ማሸት

በረኪና፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጠመኔ አይነካም። ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ፊደሉ ካልታየ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታው እዩት፤ አለዚያ የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። መቆፈር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው።

በግምት እብነ በረድ ማቆም

ይህን የሚያደርጉት ከሩቅ የመጡና ገንዘብ ያላቸው ናቸው። አንድ ሽማግሌ «እዚህ ጋ ይመስለኛል» ይላሉ፣ በሳምንቱ ስም የተቀረጸበት ሐውልት ይቆማል። ከዓመት በኋላ ሌላ ቤተሰብ መጥቶ «የእኛ ሰው ላይ ነው የሠራችሁት» ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጠብ ነው። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ ቦታ ላይ በየዘመኑ ደጋግሞ መቅበር የተለመደ ስለሆነ ሁለቱም ቤተሰብ እውነት ሊኖራቸው ይችላል። በሙስሊሙ በኩል ደግሞ ቀብር ላይ መገንባትን የማይወዱ ብዙ ናቸው፤ ሸሁን ሳታማክሩ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አታውርዱ።

እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ እስኪያሳዩ ጠብቁ። ካልተስማሙ የሦስቱንም ቃል ከነስማቸውና ከነቀኑ ጻፉና ተዉት። ለተዝካርም ለሰደቃም መቃብሩ መታወቅ የለበትም፤ ለካህኑ የክርስትና ስሙ፣ ለዱዓውም ስሙ ይበቃል። ድጋሚ ለመሄድ ካሰባችሁ ታኅሣሥ ወይም ጥር ይሁን፤ ሣሩ ደርቆ ድንጋዩ ይታያል፣ ገበሬውም ከአዝመራ ወጥቶ ጊዜ አለው። የደብሩ ዓመታዊ ክብረ በዓል ከገጠመላችሁ ደግሞ ከየአገሩ የተበተነው ዘመድ በአንድ ቀን ይሰበሰብላችኋል።