የኢንሱሊን መርፌን ከምግብ ሰዓት ጋር ማጣጣም

ጤነኛ ቆሽት የሚያመነጨው፣ የደም ስኳርን የሚቀንሰው ኢንሱሊን አስቀድሞ የሚደርሰው ጉበት ዘንድ ነው። ጉበትም ግማሽ ያህሉን እዚያው ያስቀራል፤ የራሱን ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ይቀንሳል፤ ከምግብ ከተገኘው ግሉኮስም ከፊሉን ግላይኮጅን ወደሚባል የስኳር ክምችት ቀይሮ ያስቀምጣል። ከቆዳ ሥር የተወጋ ኢንሱሊን ግን ቀስ በቀስ ወደ ደም ሰርጎ በመላ ሰውነት ስለሚሠራጭ ጉበት ቅድሚያውን ያጣል፤ ምግቡም ብዙ ጊዜ ይቀድመዋል። በሳንባ የሚሳበው ኢንሱሊን እንኳ ቢፈጥንም ጉበትን አያስቀድምም፤ የሚዋጥ ቢሆን ደግሞ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጭ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ያስተካክሉ። ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን ሥራውን የሚጀምረው ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ የሚበረታውም ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወጋል። ሊስፕሮንና አስፓርትን የመሳሰሉት ፈጣኖች ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ስለሚጀምሩ ከምግቡ ጥቂት ቀደም ብሎ መወጋት ይበቃል። ምግቡ መቼ እንደሚቀርብ ሳያረጋግጡ አይወጉ።

ቀጥሎ ቦታውን ይምረጡ። ከሆድ ፈጥኖ፣ ከክንድ በመጠኑ፣ ከጭንና ከመቀመጫ ዘግይቶ ስለሚሰርግ፣ ለቁርስ ሆድን የመረጠ ሰው ለቁርስ ዘወትር ሆድን ቢጠቀም ውጤቱን ለመገመት ይቀለዋል፤ በዚያው ክፍል ውስጥ ግን እያንዳንዱ መርፌ ከቀድሞው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ብዙዎች የሚዘነጉት፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ ተደጋግሞ በመወጋቱ ያበጠ ወይም የደነደነ ቦታን ሕመም ስለሌለው ብቻ መምረጥ ነው፤ ከዚያ ኢንሱሊኑ መቼና ምን ያህል እንደሚወጣ አይታወቅምና። ወደ ጤነኛ ቆዳ ሲዛወሩ ያው መጠን ሊበዛ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ሙቅ ውኃ መታጠብና የተወጋውን እግር ማሠራትም ኢንሱሊኑን ያፋጥኑታል።

ለጥቂት ቀናት ከምግብ በፊት፣ ከምግብም 2 ሰዓትና 4 ሰዓት በኋላ ስኳርዎን ለክተው ይመዝግቡ። በ2ኛው ሰዓት ከፍ ብሎ በ4ኛው ሰዓት ከመጠን በላይ ከወረደ፣ ኢንሱሊኑ የዘገየ እንጂ ያነሰ ላይሆን ይችላል፤ መጠኑን መጨመር የኋላውን መውረድ ያብሰዋል። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይውሰዱና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ መዝገቡንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪምዎ ያሳዩ።