ለፕሮስቴት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ከወሎ ወደ ውጭ አገር ለሚጓዙ

አባትዎን ለፕሮስቴት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ከደሴ ወይም ከወልድያ ወደ ውጭ አገር ለመውሰድ ካሰቡ፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት አዲስ አበባ ለሚገኝ የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ያሳዩዋቸው፤ ብዙው ቀዶ ሕክምና እዚያም ስለሚሠራ ጉዞው ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል።

መሄዱ ከተወሰነ የአልትራሳውንድ፣ የፒኤስኤ (የፕሮስቴት ዕጢ የደም ምርመራ)፣ የኩላሊትና የሽንት ምርመራ ውጤቶችን አስቀድመው ለሆስፒታሉ ይላኩ፤ የዋጋ ግምቱ ማደንዘዣን፣ የአልጋ ቀናትንና ከዕጢው የሚወሰድ ናሙና ምርመራን ማካተቱንም በጽሑፍ ያረጋግጡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያስቋርጡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ ሊመለስ እንደሚችል አባቶች በይሉኝታ ስለማይጠይቁ፣ ሐኪሙ ለብቻቸው እንዲያስረዳቸው ያድርጉ።

አደራ የምለው ግን ስለ መመለሻው ቀን ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሽንት እንዲያስወጣ የሚገባው ቱቦ (ካቴተር) ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ቢወጣም፣ ከዚያ በኋላ ደም ሊፈስስና ሽንት ሊዘጋ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይብረሩ። ከአዲስ አበባ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በጣርማበር ጠመዝማዛ ስለሚያልፍ፣ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መድረስ ለታካሚው እጅግ ይሻላል። ቤት ከገቡ በኋላም ሽንት ከተዘጋ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም የረጋ ደም ከበዛ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።