የእርሻ ሙቀት አማቂ ጋዝ ስሌት ሲዛባ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በጎንደር ዙሪያ ባለ አንድ የገበሬ ግቢ ጥንድ በሬ፣ ሁለት ጊደርና አንዲት የምትታለብ ላም አሉ እንበል። የዚህን ግቢ የዓመት ልቀት የሚገምት ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከዚህ በታች ባሉት ቦታዎች ነው።

ምልክት፦ ሁለት ሰዎች ያንኑ መንጋ ቆጥረው የተራራቀ ውጤት ያመጣሉ።
ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ከብት የሚመደበው የልቀት መጠን ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ጉባኤ (አይፒሲሲ) እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ በአፍሪካ ከወተት ላም ውጪ ላለ አንድ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ግራም ሚቴን (ከብት ሲያመሰኳ የሚያወጣው ጋዝ) ሲመድብ፣ በ2019 የተሻሻለው 52 አድርሶታል። ስለዚህ በሬዎቹና ጊደሮቹ በመጀመሪያው 124፣ በሁለተኛው 208 ኪሎ ግራም ሚቴን ይሆናሉ፤ ሚቴን በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያሞቃል ተብሎ በ28 ተባዝቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ሲለወጥ 3,472 እና 5,824 ኪሎ ግራም ይመጣል፤ ከብቶቹ ግን አንዲት ጭብጥ ገለባ አልጨመሩም። መፍትሄው የመመሪያውን ዓመትና የሙቀት ማባዣውን (የአይፒሲሲ አምስተኛ ሪፖርት 28 ወይም የስድስተኛው 27) በቅጹ ራስጌ ላይ መጻፍ፣ የቀድሞውንም ዓመት በዚያው ደግሞ ማስላት ነው። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን አለመዘንጋት ይበጃል፤ 2006ን በእኛ አቆጣጠር የተረዳ ባልደረባ አጋጥሞኛል።

ምልክት፦ የማዳበሪያው ናይትረስ ኦክሳይድ ከሲሶ በላይ አንሶ ይገኛል።
ናይትሮጅኑ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ክብደት በሚለውጠው በ44/28 ሳይባዛ ቀርቷል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ በዚህ ጋዝ መልክ ይወጣል የሚባለው 1 በመቶው ሲወሰድና በ44/28 ሲባዛ 0.72 ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ይሆናል፣ በጋዙ የሙቀት ማባዣ በ265 ሲባዛም 191 ኪሎ ግራም ገደማ አቻ ይሰጣል። ይህ ከአንድ በሬ ሚቴን በእጅጉ ያንሳልና ቅነሳውን ከማዳበሪያ የሚጀምር ሰው ትልቁን ትቶ ትንሹን ይዟል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ውኃ በሚቋጥር ዋልካ መሬት ላይ ዩሪያውን ከፋፍሎ መስጠትና ውኃውን በቦይ ማጠንፈፍ ብክነቱን ይቀንሳል።

ምልክት፦ በአንድ ሊትር ወተት የሚደርሰው ልቀት እጅግ ከፍ ይላል።
ላሟ ብትታለብም ባትታለብም ታመሰኳለች፤ በበጋ ደረቅ ገለባ ብቻ ስትበላ ወተቷ ይነጥፋል፣ ሚቴኑ ግን አይነጥፍም። መፍትሄው መኖዋን ማሻሻል ነው። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ በጥብጦ በ100 ኪሎ ገለባ ላይ እኩል መርጨት፣ በጉድጓድ ጠቅጥቆ አየር እንዳይገባበት በላስቲክ መሸፈንና 21 ቀን ማቆየት ይቻላል፤ ሲከፈት ሽታው እስኪለቅ ይናፈሳል፣ ለአህያ፣ ለፈረስና ለትናንሽ ጥጆች አይሰጥም። የኑግ ፋጉሎ ሲታከልበት ይበልጥ ይረዳል። ይህ ግን የሚቀንሰው የሊትሩን ድርሻ ነው፤ ጥቅሉ የሚወርደው ሥራ የሌላቸው ከብቶች ሲቀንሱ ብቻ ስለሆነ፣ በበሬው የሚያርስን ገበሬ «ሽጥ» ማለት ምክር አይሆንም።

ምልክት፦ የፍግ ልቀት ከመንጋው አንጻር በዝቶ ይታያል።
እበቱ በጉድጓድም በኩበትም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ለማገዶ የሚነደው ኩበት በመመሪያው የሚመዘገበው በኃይል ዘርፍ ነውና ከፍጉ ሊቀነስ ይገባል። ለዚህ ከመመሪያው ሠንጠረዥ ይልቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ኩበት ቆጥሮ፣ አንዱን መዝኖ፣ በሳምንት ስንቱ እንደሚነድ የቤቱን እመቤት መጠየቅ ይሻላል።