በቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ አስተያየት ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጽሐፍ አስተያየት የሚያነበው ሰው ብዙውን ጊዜ መደርደሪያው ሥር ቆሞ ነው። ሁለት መጽሐፍ ይዟል፤ አንዱን መልሶ አንዱን ተውሶ ይሄዳል። አስተያየትዎን ለጻፉበት ካርድ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ኤስ. አር. ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው አምስት ሕጎች ሦስተኛው «ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው»፣ አራተኛው «የአንባቢን ጊዜ ቆጥቡ» የሚሉ ናቸው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱን ይጥሳሉ።

ታሪኩን ተርኮ መጨረስ

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። ጸሐፊው መጽሐፉን ማንበቡን ለማሳየት ሲል ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይተርከዋል። ለልብ ወለድ የሚሠራ ልክ አለ፦ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ አይለፉ። 300 ገጽ ከሆነ ከገጽ 75 በኋላ የሚሆነውን ለአንባቢው ይተዉለት። «መጨረሻው ያልጠበቅሁት ነው» ማለትም ያው ነው። ያልተጠበቀ ነገር እንደሚመጣ የተነገረው ሰው ከገጽ 1 ጀምሮ ገፀ ባሕርያቱን ሁሉ ይጠረጥራል፤ ገዳዩን ባይነግሩትም ደስታውን ቀምተውታል። ለታሪክና ለሙያ መጻሕፍት ግን ይህ ልክ አይሠራም። እዚያ የደራሲውን ድምዳሜ መናገር ነውር የለውም፤ እንዲያውም የሚፈለገው እሱ ነው።

ቅጽል መደርደር

እንዲህ ያለ አስተያየት በየመደርደሪያው አለ፦

«ድንቅ፣ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ነው። የደራሲው ብዕር ስል ነው። ሁሉም ሰው ሊያነበው ይገባል።»

የመጽሐፉን ርዕስ በጣትዎ ሸፍነው ያንብቡት። የትኛውም መጽሐፍ ላይ ቢለጠፍ ይስማማል፤ ስለዚህ ምንም አልተናገረም። ይህኛውን ደግሞ ይመልከቱ፦

«የአባታቸው ቤት ይሸጥ አይሸጥ በሚል የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች፤ 210 ገጽ። የመጀመሪያዎቹ 40 ገጾች የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ያዘግማሉ። ነገሩ ችሎት ሲደርስ ግን ምልልሱ ፈጣን ነው፤ ምዕራፎቹም ያጥራሉ። የቤተሰብ ሙግት የሚወድ ይዋሰው፤ ዘና የሚያደርግ ነገር የፈለገ ይለፈው።»

አንድም ቅጽል ለሙገሳ አልገባም። የታሪኩ መነሻ፣ የመጽሐፉ መጠን፣ የሚያዘግመው ቦታ፣ የሚስማማው ሰው፣ የማይስማማው ሰው፤ አምስቱም አሉ። ከ40 እስከ 80 ቃል ለዚህ ይበቃል።

«ለሁሉም ይሆናል»

ለሁሉም የሚሆን መጽሐፍ የለም። በተለይ በልጆች መጽሐፍ ላይ ይህ ቃል ወላጅን ያሳስታል። «ዕድሜው ከ7 እስከ 10» ብሎ መወሰን ብቻም አይበቃም። ልጁ ብቻውን የሚያነበው ነው ወይስ የሚነበብለት? ፊደሉ ትልቅ ነው? ሥዕል በየገጹ አለ? የሚያስፈራ ወይም ሞት ያለበት ክፍል ካለ በግልጽ ይጻፉ፤ እዚህ ላይ ታሪክ ማጋለጥ የሚባል ነገር የለም።

ኮከብ ብቻ መስጠት

ሦስት ኮከብ ለአንዱ «ደህና ነው»፣ ለሌላው «ጊዜዬን አባከንኩ» ማለት ነው። ምክንያቱን ካልጻፉ ኮከቡንም ይተዉት።

እትሙንና ተርጓሚውን መዝለል

አንድ ርዕስ ያላቸው ሁለት መጻሕፍት ሞልተዋል። የደራሲውን ስም፣ የትርጉም ሥራ ከሆነ የተርጓሚውን ስም፣ የታተመበትን ዓመት፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን የመደርደሪያ ቁጥር ይጻፉ። ከሌላ ቦታ የተቀዳ አይኤስቢኤን (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) አይጠቀሙ፤ ቁጥሩ ከእትም እትም ይለያያል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ 13 አሃዝ ሲሆን በቀድሞዎቹ እትሞች ላይ 10 ነው።

ዓመቱ የሚከብደው በሕክምና፣ በሕግና በኮምፒውተር መጻሕፍት ላይ ነው፤ ምክሩ ጊዜ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። በትርጉም ሥራ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ቢጎረብጥ ደራሲውን ለመውቀስ አይቸኩሉ። «አማርኛው ይጎረብጣል» ቢሉ ትክክለኛውን ነገር ተናግረዋል።

ሳይጨርሱ የጨረሱ መምሰል

ያቋረጡት መጽሐፍ ላይም አስተያየት መጻፍ ይቻላል፤ ጠቃሚም ነው። «ገጽ 90 ላይ አቆምኩ፤ ስሞቹ በዙብኝ» የሚለው ለሚቀጥለው ሰው ትልቅ መረጃ ነው። ስም የማይከብደው አንባቢ በዚሁ ምክንያት ሊዋሰው ይችላል።

የጀርባ ሽፋኑን መገልበጥ

የጀርባ ሽፋን የሚጻፈው መጽሐፉ እንዲሸጥ ነው፤ ተዋሹም መጽሐፉን ገልብጦ ራሱ ያነበዋል። ጥቅስ ከፈለጉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይምረጡ፤ ቃል በቃል ከነገጹ ይጻፉት። ከትዝታ የተጠቀሰ ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው። ለዚህም አስተያየቱን መጽሐፉ ከመመለሱ በፊት መጻፍ ይሻላል፤ አንዴ ከተመለሰ በኋላ የገፀ ባሕርይ ስም እንኳ ማረጋገጥ አይቻልም።

የቅጂውን ችግር በመጽሐፉ ላይ ማላከክ

ገጽ ተቀዶ ወይም ጎድሎ ከሆነ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ይንገሩ። ወረፋው መርዘሙም የደራሲው ጥፋት አይደለም።

መጽሐፉ ላይ መጻፍና መለጠፍ

በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አስተያየት አይጠፋም፤ ስስ ወረቀት ከሆነ ወደ ጀርባው ይዘልቃል። ተለጣፊ ማስታወሻ ደግሞ ሲነሳ ንጹሕ ቢመስልም ሙጫው ይቀራል፤ አቧራ ይይዛል፣ ገጾችን ያጣብቃል። የብረት ማያያዣ ይዝጋል። የጋዜጣ ቁራጭ መሐል ላይ ትቶ መመለስም ጉዳት አለው፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ የሚነካውን ገጽ ያቡናማል። አስተያየቱ በተለየ ካርድ ላይ ይሁን። 7.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው የድሮው የካታሎግ ካርድ መጠን ልክ ነው፤ ሰው እንዲያሳጥር ያስገድዳል።

ሙሉ ስም መፈረም

ማን ምን እንደተዋሰ ቤተ መጻሕፍት በምስጢር የሚይዘው ነገር ነው። ስለ ፍቺ፣ ስለ ሱስ ወይም ስለ አንድ በሽታ በሚናገር መጽሐፍ ካርድ ላይ ሙሉ ስምዎን ከጻፉ ምስጢሩን ራስዎ አወጡት። የስምዎ የመጀመሪያ ፊደልና «የምሽት አንባቢ» ዓይነት መለያ ይበቃል። የልጅ አስተያየት ከሆነ ዕድሜውን ብቻ ይጻፉ፤ የትምህርት ቤቱን ስም አይጨምሩ።